በምዕራብ የካድነው በገበያ እንዳይመለስ

በግዕዝ ሥርዓታችን መሠረት ጥምቀት የሚቀበል ሰው አስቀድሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንንና ሥራውን ይክዳል፤ ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። ሕፃን ከሆነም የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስለ እርሱ ሆነው ይክዳሉ፣ ስለ እርሱም ሆነው ያምናሉ። በላቲን ሥርዓት በሚገለገሉ ቁምስናዎችም ክህደቱ የእምነት ምስክርነቱን ይቀድማል። አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን የተጠመቅን ስለ ሆንን፣ በስማችን የተነገረውን ክህደት ካደግን በኋላ በራሳችን ድምፅ መድገም እንደሚገባን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

ክርስቲያን ከዓለም ተለይቶ መኖር አለበት ሲባል የምንለየው ከምንድን ነው? ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ እግዚአብሔር ዓለሙን ከመውደዱ የተነሣ ልጁን እንደ ሰጠ ያስተምረናል (ዮሐ 3፥16)፤ በመልእክቱ ደግሞ ዓለምን እንዳንወድ ያስጠነቅቀናል (1ዮሐ 2፥15-16)። ትምህርቱ አይጋጭም። እግዚአብሔር የወደደው ዓለም የሰው ልጅ ነው፤ እንዳንወደው የተነገረን ዓለም ግን ምኞት፣ ስስትና ትዕቢት የሚገዙት አኗኗር ነው። ስለዚህ ከእርሻችን፣ ከመሥሪያ ቤታችንና ከገበያችን እንድንሸሽ አልታዘዝንም። ጌታችንም ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሲጸልይ ከክፉው እንዲጠበቁ እንጂ ከዓለም እንዲወጡ አልለመነም (ዮሐ 17፥15)።

መጥምቁ ዮሐንስ ለቀራጮችና ለወታደሮች የሰጠው መልስ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው (ሉቃ 3፥10-14)። እርሱ ራሱ በምድረ በዳ በብሕትውና ይኖር ነበር። ነገር ግን ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት እንደ እኔ ወደ በረሃ ውጡ አላላቸውም። ቀራጩ ከተወሰነው በላይ እንዳይቀበል፣ ወታደሩም በማንም ላይ ግፍ እንዳይፈጽምና ደመወዙ እንዲበቃው ነገራቸው። ንስሓቸው የሚፈተነው በዚያው በሥራ ቦታቸው ነበር።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በዐቢይ ጾም ቅቤ ከአፋችን እናርቃለን፤ የፋሲካ ገበያ ሲደርስ ግን በምንሸጠው ቅቤ ውስጥ ሙዝ እንቀላቅላለን። በርበሬ ከሸክላ አፈር፣ ማር ከስኳር ጋር እየተደባለቀ እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም። ይህን የሚያደርጉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የማይሳለሙ ናቸው ልንል አንችልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመኑ ዓለም ባወጣው ሰነድ በቁጥር 43 ላይ፣ በምንናገረው እምነትና በዕለት ኑሯችን መካከል ያለውን መለያየት ከዘመናችን ከባድ ስሕተቶች ጋር ይቆጥረዋል። ቃሉ የተነገረው ለማያምኑ ሳይሆን ለእኛ ነው።

አንድ ካቴኪስት የደረሰባቸውን አጫውተውናል። ሰባተኛውን ትእዛዝ እያስተማሩ ሳለ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ወተት ላይ ውሃ መጨመርም ስርቆት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። የልጁ ወላጆች ላም እንዳላቸው ያውቁ ነበርና ወዲያው መመለስ ከበዳቸው፤ ትምህርቱንም ወደ ሌላ አሻገሩት። እኛ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ልጁ ከዝምታው የተማረው ከትምህርቱ ሳይበልጥ አይቀርም። «አትስረቅ» የሚለውን ስናስተምር በሌሊት ግድግዳ በሚቆፍር ሌባ ላይ ብቻ መቆም የለብንም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2409 የንግድ ማታለልን፣ ፍትሕ የጎደለውን ደመወዝ፣ በሌላው ችግር ተጠቅሞ ዋጋ ማናርን ሁሉ በዚሁ ትእዛዝ ሥር ያኖራል። ካቴኪስቶቻችን በየአካባቢያቸው ያለውን ሚዛን፣ ቁናና ጣሳ እየጠቀሱ ቢያስተምሩ መልካም ነው።

ቅቤ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት የቁምስናችን እናት ያሉንንም እንጨምር፤ የነገሩን ከኑዛዜ ውጭ ነው፣ እንድንጽፈውም ፈቅደዋል። ከጎናቸው ያሉት ስለሚቀላቅሉ ንጹሑን በእነዚያ ዋጋ መሸጥ እንደማይችሉ፣ ዋጋ ቢጨምሩ ገዢ እንደሚሸሻቸው፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩትም በዚሁ ገቢ እንደ ሆነ ገልጠው «አባ፣ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?» አሉን። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መሸኘት ለካህን ቀላል ነው፤ ኪሳራው የእርሱ አይደለምና። እርሳቸው ግን መቀላቀሉን ተዉ። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ገበያ ካወጡት ቅቤ ከግማሽ በላዩን ይዘው ተመለሱ። ኋላ አንዳንድ ደንበኞች ልዩነቱን አውቀው መጡላቸው፤ ትርፋቸው ግን እስከ ዛሬ እንደ ቀድሞው አይደለም። እኛም ሳናፍር መናገር ያለብን አንድ ነገር አለ፦ በዚያው ሰሞን ለቁምስናው በዓል ቅቤ ስናስገዛ ርካሹን ፈልገን ከሌላ ሰው ነበር የገዛነው። ይህን ያስታወሱን ራሳቸው ናቸው።

በሌላ ቀን «ከዚያ በፊት የሸጥሁትስ?» ሲሉ ጠየቁን። ዘኬዎስ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ ያታለለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል እንደ ገባ (ሉቃ 19፥8)፣ ቤተ ክርስቲያንም በግፍ የተወሰደው መመለስ አለበት ብላ እንደምታስተምር (ቁጥር 2412) ነገርናቸው። ሆኖም በገበያ ቀን የገዛቸውን መንገደኛ ሁሉ ከየት ያገኙታል? ባለቤቱ የማይታወቅ ገንዘብ ለድሆች እንደሚሰጥ አስረዳናቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በፋሲካ ዋዜማ ለሦስት ችግረኛ ቤተሰቦች ንጹሕ ቅቤ ያደርሳሉ። እስከ መቼ እንደሚያደርሱ ስንጠይቃቸው፣ የቀላቀሉበትን ዓመታት በጣታቸው ቆጥረው ሰባት አሉን። ዘንድሮ አራተኛው ነው።