ስለ አስታማሚ ልጅና ስለ ሁለቱ ኑዛዜዎች

በአገራችን ልማድ ወላጅ ባረጀ ወይም አልጋ በያዘ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ፥ አብዛኛውን ጊዜም ሴቲቱ ልጅ፥ ሥራዋን ትታ በቤት ትቀራለች። ትመግባለች፤ ታጥባለች፤ ሌሊት ታገላብጣለች። ደመወዝ የላትም፤ ስሟም በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ሰው ሁሉ ጧሪ እያለ ይመርቃታል። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እናቷ ባረፈች ማግሥት የምታድርበት ጣራ ይኖራት እንደ ሆነ አይመልስላትም። ስለዚህ ሕጉ ለእንዲህ ያለችው ልጅ ምን እንደሚሰጣት፥ የነፍስ አባትም በዚህ ነገር ምን ድርሻ እንዳለው ጥቂት መናገር ይገባናል።

አስቀድመን ወላጅን መጦር የማን ዕዳ እንደ ሆነ እንመልከት። ለወላጅ የሚገባውን ቍርባን ነው እያሉ የሚያስቀሩትን ሰዎች ጌታችን እንደ ነቀፋቸው በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ የመበለቶችን ነገር ሲያዝ፥ ረዳትነቱን አስቀድሞ ለልጆችና ለልጅ ልጆች ይሰጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚተዋት ረዳት የሌላትን ነው። ልብ እንበል፤ ሐዋርያው የተናገረው ለልጆች ሁሉ እንጂ በቤት ለቀረችው ለአንዲቱ ብቻ አይደለም። የአገሩም ሕግ ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቍጥር 213/1992፥ ችግር ላይ ለወደቀና ሠርቶ ለመኖር ላልቻለ ወላጅ ልጆቹ ቀለብ እንዲሰጡት ያስገድዳል። ቀለብ ሲልም እህል ብቻ አይደለም፤ ልብስ፥ መኖሪያና ሕክምናም አለበት፤ ልኩ የሚወሰነውም በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው። እንግዲህ በሩቅ የሚኖረው ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ጋቢ ልኮ ዕዳውን እንደ ከፈለ አይቍጠር።

ለራስዋ ለአስታማሚዪቱ ግን የሕጉ እጅ አጭር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፥ ለአረጋውያን፥ ያለ ወላጅና ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት እርዳታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ እነርሱን በቤት የሚያስታምመውን ሰው ግን አላነሣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ብርቱ ነገር ለደረሰበት ሠራተኛ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፥ ያውም በዓመት 2 ጊዜ ብቻ፥ ፈቃድ ይሰጠዋል። ሽባ የሆነ አባት በ5 ቀን አይድንም። የሚገርመው፥ አባቱ የሞተ እንደ ሆነ የሚሰጠው የ3 ቀን ፈቃድ ደመወዝ ያለበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የነገሩ ቍልፍ ያለው በውርስ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ሀብት ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። 10 ዓመት ያስታመመችውና 10 ዓመት ደጁን ያልረገጠው በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፤ ቤቱ ተሸጦ ይከፈል የተባለ እንደ ሆነም ዕቃዋን ይዛ የምትወጣው እርስዋ ናት። የባልዋን እናት ያስታመመች ምራት ደግሞ ጨርሶ ወራሽ አይደለችም።

ይህን የሚያቃናው ኑዛዜ ነው። በቋንቋችን ኑዛዜ የተባለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ስለሚናገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ለነፍስ አባት በምሥጢር የሚነገረው የኀጢአት ኑዛዜ፥ ሁለተኛው የሀብት ኑዛዜ ነው። የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ሊሰማው አይገባም፤ ሁለተኛው ግን ተናዛዡ በራሱ እጅ ካልጻፈው በቀር ሰው ካልሰማው አይጸናም። በጣር ላይ ያለች እናት «ቤቱ ለዚህች ልጄ ነው» ብትል፥ ካህኑም ይህንኑ በቅንነት ቢመሰክር፥ ልጂቱ በዚህ ቃል ቤቱን አታገኝም። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሁለት ምስክሮች ቢኖሩትም እንኳ፥ የቀብርን ሥርዓት፥ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አጠባበቅና ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ከመወሰን አያልፍምና። በ500 ብር ዛሬ የቤት በር እንኳ አይገዛም።

በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ግን ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ይገለጻል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ የሆነ እንደ ሆነ 2 ይበቃሉ። ተነበበ የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ እርስዋ ከጐደለች ግን ኑዛዜው ይፈርሳል። እናትዪቱ ለአስታማሚዋ ስትጨምር የሌሎቹን ልጆች ድርሻ ከሩብ በላይ ያጐደለች እንደ ሆነም ክርክር ይነሣበታልና የሕግ ዐዋቂ ምክር ያስፈልጋል።

በሕመምተኛ ፊት ስለ ሀብት መናገርን ሟርት የሚያደርጉ አሉ፤ ከካህናትም መካከል ይህን የሚያፍሩ አይጠፉም። ፍትሐ ነገሥታችን ለኑዛዜ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶት ሳለ ማፈር ምን ያስፈልጋል? የነፍስ አባት ነገሩን የሚያነሣው ሕመምተኛው ገና ተቀምጦ በሚበላበትና አእምሮው በጸናበት ወራት ነው፤ ሲያነሣም ለራሱ ምንም አይሻ። በሩቅ ያሉት ልጆች ለበዓል በመጡ ጊዜ በአንድነት ቢነጋገሩበት፥ የቀለቡንም ድርሻ በዚያው ቀን ቢካፈሉ፥ ምስክሮቹም ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁ የዕድሩ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ተናዛዡ በራሱ እጅ ብቻ የጻፈውን ኑዛዜ በሣጥን ውስጥ አኑሮ እንዳይረሳው፤ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።