ጸጥተኛና አነስተኛ ኮምፒዩተር ለቤት ውስጥ ሲኒማ፦ የነቀምትና የወለጋ ከተሞች ሁኔታ ለምርጫው ያለው ትርጉም

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በነቀምትና በሌሎች የወለጋ ከተሞች፣ ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ፊልም የሚያሳይ አነስተኛና ድምፅ የማያበዛ ኮምፒዩተር በምን መስፈርት ሊመረጥ እንደሚገባ ይመረምራል። ዘዴው ከታወቁ የፊዚክስ ሕጎችና ከመሣሪያዎቹ የቴክኒክ መግለጫ የሚነሣ ስሌት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፤ የመሣሪያው ትንሽነት፣ ጸጥታውና መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆይበት ጊዜ ሦስት የተለያዩ መስፈርቶች ቢመስሉም፣ ሦስቱንም በዋናነት የሚወስናቸው ፊልም በሚታይበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ የሚስበው ዋት ነው።

1. መግቢያ

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,080 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በነቀምትም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ፣ ቴሌቪዥኑ ቡፌ ላይ፣ የሳተላይት ሪሲቨሩ ከጎኑ የተቀመጠበት ሳሎን የተለመደ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ፍላጎት በፍላሽና በሃርድ ዲስክ የተጠራቀመውን ፊልም፣ የሠርግ ቪዲዮና ትምህርት በሰፊው መስኮት ለማየት የሚያስችል ኮምፒዩተር ነው። ይህ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የቤቱ ብቸኛ ኮምፒዩተር ነው፤ ማታ ፊልም የታየበት መሣሪያ በማግስቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፍበታል። ስለዚህ ምርጫው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የብዙ ወራት ቁጠባ አንድ ጊዜ የሚወጣበት ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ዐይነቱ መሣሪያ የሚጻፉት የግዢ መመሪያዎች በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን እንደ ተሟሉ ይቆጥራሉ፤ ለባሕር ጠለል የቀረበ አየር፣ የማይቋረጥ መብራትና የማይቋረጥ ኢንተርኔት። ሦስቱም እዚህ እንደ ተሟሉ ሊቆጠሩ አይችሉም። በ2012 ዓ.ም. የወለጋ ዞኖችን ጨምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ፊልሙን ከኢንተርኔት ብቻ የሚያመጣ መሣሪያ በእነዚያ ወራት ጥቅሙ እምብዛም ነበር። በመሆኑም ቀጥሎ የሚቀርበው ትንታኔ ፊልሙ በቤት ውስጥ በዲስክ እንደሚቀመጥ ታሳቢ ያደርጋል።

2. ትንሽነትና ጸጥታ ለምን ይጋጫሉ?

ኮምፒዩተር የሚስበው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 100 ዋት የሚስብ ኮምፒዩተር በሳሎኑ ውስጥ የ100 ዋት ማሞቂያ ነው። ይህን ሙቀት ለማስወጣት ትልቅ ሣጥን ሰፊ የሙቀት ማስተላለፊያ ብረትና ዝግ ብሎ የሚዞር ሰፊ ማራገቢያ ይይዛል። ትንሽ ሣጥን ግን ለትንሽ ማራገቢያ ብቻ ቦታ አለው፤ ትንሹ ማራገቢያ ያንኑ ያህል አየር ለመግፋት በፍጥነት መዞር አለበት፤ በፍጥነት የሚዞር ትንሽ ማራገቢያም ለጆሮ የሚቀፍ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። እንግዲህ ሣጥኑ ስላነሰ ብቻ ኮምፒዩተሩ ጸጥተኛ ይሆናል ማለት ስሕተት ነው። ትንሽነትንና ጸጥታን የሚያስታርቃቸው መጀመሪያውኑ የሚመነጨውን ሙቀት መቀነስ ነው።

3. ከፍታው የሚጨምረው ዕዳ

በ2,080 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው፤ 2,500 ሜትር በሚደርሰው የሻምቡ ከፍታ ደግሞ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። የሙቀት መጠኑ እኩል ሲሆን የአየሩ እፍጋትም በዚሁ ልክ ይቀንሳል። ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ግን ያንሳል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ በነቀምት ያንኑ የአየር ክብደት ለመግፋት ማራገቢያው እስከ 28 በመቶ ፈጥኖ መዞር ይኖርበታል። የማራገቢያ ድምፅ በግምት ከፍጥነቱ አምስተኛ ርቢ ጋር የሚያድግ በመሆኑ፣ ይህ ጭማሪ አምስት ዲሲቤል ያህል ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ መሣሪያ በባሕር ዳርቻ ከተማ ተለክቶ «ጸጥተኛ» መባሉ ለነቀምት ሳሎን ዋስትና አይሆንም።

ይህ የላይኛው ገደብ መሆኑ መታወስ አለበት። የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ከዕዳው ከፊሉን ይከፍላል። ለምሳሌ በባሕር ጠለል፣ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ፕሮሰሰሩ 65 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ፣ በነቀምት በዚያው የማራገቢያ ፍጥነት ከክፍሉ በላይ ያለው የሙቀት ልዩነት ከ40 ወደ 51 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሊል ይችላል፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩ የሚደርሰው 71 ላይ ነው። ልዩነቱ መሣሪያውን አያበላሸውም፤ ማራገቢያውን ግን ያስጮኸዋል።

ማራገቢያ የሌለው ኮምፒዩተር በዚህ ረገድ ብልጫ አለው። በራሱ የሚነሣው ሞቃት አየር የሚወስደው ሙቀት የሚቀንሰው በግምት በግፊቱ ካሬ ሥር ልክ በመሆኑ፣ በነቀምት የሚታጣው አቅም 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሣጥኑ ገጽ በጨረር የሚወጣው ሙቀት ደግሞ በከፍታ አይነካም።

4. ፊልሙን ማን ይፈታዋል?

ፊልም በዲስክ ላይ የሚቀመጠው ታምቆ ነው። ከተለመዱት የማመቂያ ደረጃዎች ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤች.265 በ2013፣ ኤቪ1 ደግሞ በ2018 ይፋ ሆነዋል። አዲሱ ደረጃ የፋይሉን መጠን ያሳንሳል፤ ለመፍታት ግን የበለጠ ስሌት ይጠይቃል። ይህን ስሌት የሚሠራ የተለየ ክፍል በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለ፣ ሥራው በጥቂት ዋት ይከናወናል። ከሌለ ዋናው ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ይገባበታል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ፊልሙም ይቆራረጣል።

ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ሳይሆን የትኛውን ደረጃ በራሱ መፍታት እንደሚችል ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዘንድ ኤች.265ን ባለ10 ቢት ቀለም ሳይቀር በሙሉ መፍታት የተጀመረው በ7ኛው ትውልድ ነው፤ ኤቪ1ን መፍታት ደግሞ በ11ኛው። ከቢሮ ወጥተው በሁለተኛ እጅ የሚሸጡ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች በሚገዙበት ጊዜ፣ በ4ኛውና በ7ኛው ትውልድ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ቢመስልም ለፊልም የሚያመጣው ልዩነት ሰፊ ነው።

5. መብራትና ባትሪ

በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ የውኃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ይሠራል። ይሁን እንጂ ለማመንጫ ቅርብ መሆን ብቻውን መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም፤ መስመሩ በነፋስ፣ በዛፍና በመብረቅ ይቋረጣልና። መብራት መጥፋቱን እንደ ድንገተኛ ሳይሆን እንደ ተጠባቂ ነገር ቆጥሮ መሣሪያ መምረጥ ተገቢ ነው።

ባለ12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የባትሪው ዕድሜ እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀምና ኢንቨርተሩ 15 በመቶ ቢያባክን፣ ለአገልግሎት የሚቀረው 510 ዋት ሰዓት ነው። ቴሌቪዥኑ 45 ዋት፣ ኮምፒዩተሩ 100 ዋት ቢስቡ ባትሪው ሦስት ሰዓት ተኩል ያቆያል። ኮምፒዩተሩ 12 ዋት ብቻ ቢስብ ግን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ያቆያል። በመጀመሪያው ሁኔታ ቤተሰቡ አንድ ረጅም ፊልም ያያል፤ በሁለተኛው ፊልሙ አልቆ ተማሪው እስከ ንጋት ሊሠራ ይችላል።

መብራቱ ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ሲመለስም የቮልቴጁ መዋዠቅ ጉዳት ያደርሳል። ኮምፒዩተሩን በስታቢላይዘር በኩል ማገናኘት፣ በነጎድጓድ ጊዜም ሶኬቱን መንቀልና ከዲሽ የሚመጣውን ገመድ ከሪሲቨሩ መለየት ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ ስለሚያያዙ፣ በዲሹ የገባው የመብረቅ ጉልበት ኮምፒዩተሩ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

6. ሳሎኑ ራሱ

ነቀምት በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። በክረምት ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንኛውም ማራገቢያ አይሰማም፤ የፊልሙ ንግግር ራሱ በጭንቅ ይሰማል። ጸጥታ የሚፈተነው በበጋ ሌሊት ነው። በአንጻሩ የኃይል አቅርቦቱና የመከላከያው ጥንካሬ በዋናነት የሚፈተነው በዝናብና በመብረቅ ወራት ነው። አንድ መሣሪያ ሁለቱንም ወቅቶች ሊያልፍ ይገባዋል።

በቤት ውስጥ ሦስት ልማዶች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው በቴሌቪዥንና በመሣሪያዎች ላይ የሚለበሰው ዳንቴል ነው፤ ቤቱን ያስውባል፤ ነገር ግን የአየር መውጫውን ከደፈነ ማራገቢያውን ያስጮኻል፤ ማራገቢያ የሌለውን ደግሞ ያግላል። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩን በተዘጋ የቡፌ መደብ ውስጥ ማኖር ነው፤ ከኋላ በኩል አየር ማስገቢያ ካልተከፈተ ሙቀቱ እዚያው ይመላለሳል። ሦስተኛው የቡና ሥነ ሥርዓት ነው፤ የዕጣንና የቆሎ ጢስ ከበጋ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ በማራገቢያው ምላጭ ላይ ይጋገራል። ረከቦቱንና ኮምፒዩተሩን ማራራቅ፣ ማራገቢያውንም በዓመት ሁለት ጊዜ ማጽዳት ያሻል።

7. አማራጮቹና መፈተሻቸው

ከላይ በቀረበው መስፈርት አራት አማራጮች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር በ6 ዋት የሙቀት ገደብ የሚሠራ፣ ኤች.265ንም ኤቪ1ንም የሚፈታ በመሆኑ ለጉዳዩ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ማራገቢያ በሌለው ሣጥንም ይሸጣል። ሁለተኛው 35 ዋት ገደብ ያለው፣ ከ7ኛው ትውልድ ያላነሰ የቢሮ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ፊልም ብቻ ሲያሳይ ከገደቡ በታች ይሠራል። ሦስተኛው ራስበሪ ፓይ 4 ነው፤ ኃይል ቆጣቢ ሆኖ ኤች.265ን ይፈታል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሥራ ግን ዝግ ያለ ነው። አራተኛው በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያያዝ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው በውስጡ ስላለ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አይጠፋም፤ የቤቱ ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ከሆነና ሌላ ባትሪ የመግዛት ዐቅም ከሌለ፣ ይህ ጥቅም ከጸጥታው ሊቀድም ይገባል። በማናቸውም አማራጭ ሥርዓተ ክወናው በኤስኤስዲ ላይ ቢቀመጥ ድምፅ አልባ ይሆናል፤ የፊልም ክምችቱ ግን በውጭ ሃርድ ዲስክ ቢሆን ይረክሳል።

ከመግዛት በፊት በሱቁ ውስጥ የሚደረግ ፈተና ቀላል ነው። ገዢው ባለ10 ቢት ኤች.265 ፊልም በፍላሽ ይዞ ይሂድ። ፊልሙን ለሃያ ደቂቃ ያጫውት፤ የፕሮሰሰሩ ጭነት ዝቅ ብሎ መቆየቱን ይመልከት፤ ከዚያ ድምፁን ዘግቶ ከአንድ ሜትር ርቀት ያዳምጥ። አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ያንብብ። በመጨረሻም ካሜራው በዝግታ ወደ ጎን የሚዞርበትን ትዕይንት ይይ፤ ምስሉ የሚንገጫገጭ ከሆነ በሴኮንድ 24 ምስል ያለው ፊልም በ60 ኸርዝ እየታየ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮምፒዩተሩም ቴሌቪዥኑም 24 ኸርዝን የሚቀበሉ መሆናቸውን ያረጋግጥ።

8. ማጠቃለያ

የነቀምት አየር ስስ ነው፤ መብራቷ ይቋረጣል፤ የበጋ ሌሊቷ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። ለእነዚህ ሦስት ሁኔታዎች ሦስት የተለያዩ መፍትሔዎችን መግዛት አያስፈልግም። ፊልሙን በራሱ ክፍል የሚፈታና ጥቂት ዋት ብቻ የሚስብ ኮምፒዩተር ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ሣጥኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ማራገቢያው ዝግ ብሎ ይዞራል ወይም ጨርሶ አያስፈልግም፤ ባትሪውም ሌሊቱን ያደርሳል። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ «ፍጥነቱ ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ፊልም ሲያሳይ ስንት ዋት ይስባል?» የሚለው ሊቀድም ይገባል።