የካንሰር ሕክምና ካለቀ በኋላ፦ ሞባይልና ስማርት ሰዓት ለክትትሉ ምን ይጠቅማሉ?



ውድ አንባቢያን! ከመካከላችን በአላህ ፈቃድ የካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የተመለሱ አሉ። ዘመድ አዝማድ «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች» ብሎ ይደሰታል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕክምናው አለቀ ማለት ክትትሉ አለቀ ማለት አይደለም። በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችና የጨረር ሕክምናም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚታይ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ታማሚውን በየቀኑ የሚያየው ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው።

በሁለት ቀጠሮዎች መካከል

እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ከትግራይ አልፎ ከአፋርና ከአማራ ክልል አጎራባች አካባቢዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያክማል። ለጨረር ሕክምና እስከ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጓዙም ብዙ ናቸው። ከሩቅ የሚመጣ ታማሚ በየሳምንቱ ሐኪም ፊት መቅረብ አይሆንለትም። ቀጠሮው ደርሶ «እንዴት ከረምሽ?» ሲባል ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ማስታወስ ይከብዳል፤ አብዛኛው ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል።

ይህን ክፍተት መሙላት እንደሚቻል የታየበት አንድ ጥናት አለ። በኒውዮርክ በሚገኘው መሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 766 የተስፋፋ ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ተሳተፉ። ከፊሎቹ ሕመማቸውን በኮምፒውተር እየሞሉ እንዲልኩ ተደረገ፤ የባሰ ምልክት ሲኖርም ለነርሶች መልእክት ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት መሠረት የእነዚህ ሕሙማን ዕድሜ ከሌሎቹ በአማካይ በ5 ወር ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ልዩነቱን ያመጣው ምልክቱ በጊዜ ተነግሮ እርምጃ መወሰዱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ደግሞ ተራ ሞባይልም ይበቃል።

ምን ይመዝገብ?

1. ትኩሳት። ኬሞቴራፒ በመውሰድ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀንም ሆነ ሌሊት ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ፓራሲታሞል ውጦ ማደር ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ አደጋውን አያስቀርም። ለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ ርካሹ ቴርሞሜትር ይታመናል።

2. ክብደት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን ይለኩ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳያስበው በ6 ወር ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ ከቀነሰ ለሐኪም መንገር አለበት። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስርና የፈላ ወተት በትንሽ በትንሹ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይሰጥ። በኬሞቴራፒ ወቅት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይወሰድ።

3. መድኃኒት። ለጡት ካንሰር የሚታዘዘው ታሞክሲፌን ብዙ ጊዜ በየቀኑ ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወሰዳል። የሞባይሉን ማስታወሻ ደወል ከአንድ የሶላት ወቅት፣ ለምሳሌ ከመግሪብ ጋር ቢያያይዙት አይረሳም።

4. ሕመምና ድካም። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ ደም መፍሰስ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ።

ስማርት ሰዓትስ?

ሰዓቱ እርምጃን፣ የልብ ምትንና እንቅልፍን በግምት ይቆጥራል። ከካንሰር ለዳኑ ሰዎች በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ ማድረግ ድካምን እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል፤ ወደ መስጂድ የሚደረገው የእግር ጉዞም ይቆጠራል። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች ልብን ሊያዳክሙ ስለሚችሉ፣ ያለ ሥራ በተቀመጡበት የልብ ምት ለቀናት ከተለመደው ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ወይም እግር ካበጠ፣ ለሐኪም ይንገሩ።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ ካንሰር መመለሱን ማወቅ አይችልም። «ሰዓቱ ደህና ነሽ ይላል» ብሎ ቀጠሮ መቅረት ትልቅ ስሕተት ነው። በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት ዕጢዎቿ የወጡላት እህት ደግሞ እጇ ሊያብጥ ስለሚችል ሰዓቱን በሌላኛው እጇ ላይ ላላ አድርጋ ትሰር።

ወረቀቱን አንርሳ

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በነበረው ጦርነት በመቀሌ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር፤ በዓይደርም የካንሰር መድኃኒት አልቆ እንደነበር ሐኪሞቹ በይፋ ተናግረዋል። ከዚህ የምንማረው ሁሉንም ነገር በስልክ ላይ ብቻ ማኖር እንደማይገባ ነው። የበሽታውን ዓይነት፣ የመድኃኒቶቹን ስምና የተወሰዱበትን ቀን በደብተር ይጻፉ፤ የምርመራ ወረቀቱንም ፎቶ አንስተው ዋናውን በቤት ያስቀምጡ።

አማናውን እንጠብቅ

የታማሚ ምስጢር አማና ነው። ልጆች የእናታቸውን ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ ከመበተን ይቆጠቡ። «ካንሰርን በ40 ቀን እናድናለን» የሚል የሞባይል ማስታወቂያም አያታልላችሁ። ማርና ጥቁር አዝሙድ የተወደዱ ናቸው፤ ግን ለሐኪም ሳይነገር የታዘዘውን መድኃኒት አይተኩም። ረመዳን ሲደርስ በሕክምና ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በሱረቱል በቀራ ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ የአላህ እዝነት ነውና በመጠቀሙ አይፈር።

ውድ አንባቢያን! መታከም ተወኩልን አይቃረንም። ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ከፍተው ወይም ሞባይልዎን አንስተው የታማሚዎን የመጀመሪያ መስመር ይጻፉ። አላህ ለሕሙማኖቻችን ሙሉ ሺፋ፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብርና አጅር ይስጥልን። አሚን።