አበባ የሌላቸው ዕፅዋት እንዴት ይራባሉ?

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን አበባ ስለሌላቸው ዕፅዋት አቀርብላችኋለሁ። ብዙዎቻችን ተክል ሁሉ የሚያብብ ይመስለናል። ግን እንደዛ አይደለም። ሞስ፣ ፈርን፣ ጥድና ዝግባ አበባ የሚባል ነገር የላቸውም። ታዲያ በምን ይራባሉ?

1ኛ. ሞስ፦ በክረምት ድንጋይና እርጥብ ግንብ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የምናየው ተክል ነው። እውነተኛ ሥር የለውም። የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ከተገናኙ በኋላ እንደ ክር የቀጠነ ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ባለችው ከረጢት ውስጥ ስፖር ይፈጠራል። ስፖር ዘር አይደለም። እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ነፋስ ይበትነዋል።

2ኛ. ፈርን፦ ሥር፣ ግንድና ቅጠል አለው። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብታዩ ቡናማ ነጠብጣብ ሊኖረው ይችላል። በሽታ እንዳይመስላችሁ! የስፖር ከረጢቶች ናቸው። ስፖሩ እርጥብ መሬት ላይ ሲወድቅ የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ተክል ይበቅላል። ወንዴና ሴቴ ሕዋሳት እዛች ላይ ይፈጠራሉ። እነሱም ለመገናኘት ውሃ ይፈልጋሉ።

3ኛ. ጥድና ዝግባ፦ እነዚህ ዘር አላቸው፣ ግን ዘራቸው አበባ ውስጥ አይፈጠርም። የወንዴውን ብናኝ ወደ ሴቴዋ የሚወስደው ነፋስ ነው። ስለዚህ ብናኙ ለመድረስ ውሃ አያስፈልገውም። የሐበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴዋ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ሰማያዊ ፍሬ የምትይዘው ሴቴዋ ናት። ፍሬ እንላታለን እንጂ በሳይንስ ኮን ናት። ወንዴው ደግሞ ብናኝ የሚበትኑ ትናንሽ ኮኖች አሉት።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ 4 የሐበሻ ጥዶች አሉ። 3ቱ ሰማያዊ ፍሬ ይይዛሉ፣ አንዱ ግን አይዝም። «የማያፈራው ይቆረጥና የመረብ ኳስ ሜዳው ይስፋ» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። እኔ ከሥሩ የወደቀ ቅርንጫፍ አንስቼ አየሁ። ጫፉ ላይ ትናንሽ ኮኖች አሉበት፤ ሳራግፈው ቢጫ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። ወንዴ ነው ማለት ነው! እሱ ከተቆረጠና በቅርብ ሌላ ወንዴ ከሌለ፣ 3ቱ ሴቴዎች የሚበቅል ዘር አይሰጡንም። ታዲያ ለክረምት ችግኝ ዘር ከየት ልንለቅም ነው? ሜዳው በሌላ በኩል ይስፋ እንጂ ዛፉ ባይቆረጥ እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ።

የዕለቱ ጥያቄ፦ ሞስ ደረቅ ቦታ ላይ መራባት የሚያቅተው ለምንድን ነው? መልሱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል