የንብ መንጋና አጥማጁ

በአማርኛ የንብ አለቃ አውራ ትባላለች፤ ስሙ ግን የወንድ ስም ነው። የግሪኩ ሊቅ አርስጣጣሊስም ንጉሥ ብሎ ይጠራት ነበር። የሆላንዱ ሐኪም ያን ስዋመርዳም በ17ኛው መቶ ዓመት ሆድዋን ከፍቶ እንቍላል የሚፈጠርበትን ብልት ባገኘ ጊዜ ሴትነትዋ በግልጽ ታወቀ። ይሁን እንጂ መንጋውን የምታወጣና ማደሪያ የምትመርጥ እርስዋ ናት የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ቀርቷል። ንብ አጥማጅ በዚህ አሳብ ቢሄድ መንጋው ያመልጠዋል።

አበባ በበዛበት ወራት፥ በኢየሩሳሌም አካባቢ በመጋቢትና በሚያዝያ፥ በኢትዮጵያም ደጋ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ቀፎው በንብ ብዛት ይጠባል። ሠራተኞቹ አዲስ አውራ ማሳደግ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ አሮጊቲቱ ከግማሽ ከሚበልጡት ሠራተኞች ጋራ ትወጣለች። ወጣች ከማለት ይልቅ አስወጧት ማለት ይሻላል፤ አስቀድመው ምግቧን ቀንሰው፥ እየገፉና እየነቀነቁ፥ መብረር እስክትችል ያከሷታልና።

መንጋው በመጀመሪያ ሩቅ አይሄድም። በአቅራቢያው ባለ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ይቈያል። አጥማጁ ያለው ጊዜ ይህ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ጥቂት መቶ የሚሆኑ ቃኚዎች ቤት ፍለጋ ወጥተዋል። የጀርመኑ ሊቅ ማርቲን ሊንዳወር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ በተንጠለጠለ መንጋ ላይ ጥላሸትና የጡብ ትቢያ ለብሰው የሚወዛወዙ ንቦችን አየ። ከአበባ ሳይሆን ከጢስ መውጫና ከፈረሰ ግንብ የተመለሱ ነበሩ። የውዝዋዜያቸው አቅጣጫ ከፀሐይ አንጻር ቦታው ወዴት እንደ ሆነ፥ የቈይታውም ልክ ርቀቱን ይናገራል። መልካም ቤት ያገኘች ደጋግማ ትወዛወዛለች፤ መናኛ ያገኘች ቶሎ ትተዋለች። በአንዱ ቦታ 20 ወይም 30 ያህል ቃኚዎች ባንድነት በተገኙ ጊዜ ነገሩ ተቈረጠ፤ አውራዪቱ በዚህ ምክር ድምፅ የላትም።

ስለዚህ ቀፎውን አስቀድሞ ማሰናዳት ይበልጣል። አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ እንደ መረመረው ንቦች 40 ሊትር ያህል ስፋት፥ ጠባብ በርና ከመሬት 5 ሜትር ያህል ከፍታ ይወዳሉ። ያገራችን ንብ አርቢም ቀፎውን በወይራ ጢስ አጥኖ በረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅለው በከንቱ አይደለም። አሮጌ ሰም መቀባትም ይረዳል። ጠጅ ሣር ማሸት ደግሞ ይጠቅማል፤ ንቦች ጓደኞቻቸውን ሲጠሩ የሚረጩት ሽታ በጠጅ ሣርም ውስጥ ይገኛልና።

መንጋው ተንጠልጥሎ ከተገኘ ቀፎውን ከሥሩ አድርጎ ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ በኀይል ማራገፍ ነው። አውራዪቱ ገብታ እንደ ሆነ ሠራተኞቹ በበሩ ቆመው፥ ጅራታቸውን አንሥተው፥ ክንፋቸውን እያርገበገቡ የቀሩትን ይጠራሉ። ውጭ ከቀረች ግን የገቡት ሁሉ ተመልሰው ወደ እርስዋ ይሄዳሉ፤ ቤት ባትመርጥም ያለ እርስዋ መንጋ አይኖርም። ቀፎው በመሸ ጊዜ ከዚያ ስፍራ መነሣት አለበት። እስከ ነገ ከቈየ ቃኚዎቹ ቀድሞ ስላዩት ቤት መወዛወዛቸውን አይተዉምና ባዶ ቀፎ ሊገኝ ይችላል።

አዲስ የወጣ መንጋ ማር ጠግቦ ስለሚወጣ እምብዛም አይናደፍም። ብዙ ቀን ተንጠልጥሎ የተራበው ግን ቍጡ ነው፤ እንዲህ ያለው ሲገኝ ፊትን መሸፈንና አስቀድሞ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ መርጨት ያስፈልጋል።