ብድርና «የቬኒሱ ነጋዴ»



በአማርኛ «ብድር» ሁለት ነገር ነው፤ የተወሰደ ገንዘብም፣ የሚመለስ ቂምም። በ1600 እ.ኤ.አ. የታተመው የሼክስፒር ተውኔት ሁለቱን ያገናኛል።

ባሳንዮ ፖርሺያን ለማጨት ገንዘብ ያጥረዋል። ወዳጁ አንቶኒዮ ከሻይሎክ 3000 ዱካት ለ3 ወር ይበደርለታል፤ ካልከፈለ አንድ ፓውንድ ሥጋ ከገላው ይቆረጣል። ባሳንዮ ከወርቅ፣ ከብርና ከእርሳስ ሣጥን እርሳሱን መርጦ ልጅቱን ያገኛል፤ የአንቶኒዮ ቀን ግን ያልፋል። በችሎት ፖርሺያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ውሉ ሥጋ እንጂ ደም አይልም ብላ ታድነዋለች።

በአገራችንም ዱሮ ባለዕዳና አበዳሪ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ሁለቱም ታሳሪ ነበሩ ማለት ነው። ቂምም እንደዚሁ ነው።

እኛ ክፍል ውስጥ ስናነበው ሻይሎክ ሲሸነፍ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ታዲያ ኋላ ሳስበው አፈርኩ። ሰውዬው አይሁዳዊ በመሆኑ ሲሰደብና ሲተፋበት የኖረ ነው፤ ልጁም ገንዘቡን ይዛ ኮብልላለች። በመጨረሻ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ። ይህን ሳናስረዳ ካስተማርን፣ ልጆች የሚማሩት አንድን ሕዝብ መጥላት ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ ፖርሺያ ሻይሎክን ምሕረት አድርግ ብላው ነበር። እሱስ ሲሸነፍ ምሕረት አገኘ ትላላችሁ?