የመቃኑ እግር

አዲስ አበባ የላሜራ በር እየከፈተና እየዘጋ ያደገ ሰው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት ሲገዛ ስለ እንጨት መቃን አያስብም። እኔም አላሰብኩም። በገባን በሁለተኛው ዓመት የፊት በራችን መቃን ከታች በኩል ቀለሙ አብጦ አየሁና በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ባደርገው ብረቱ ያለ ግፊት ጠለቀ። ከላይ ነጭና ያማረ ነበር። ውስጡ ግን በስቱኮ የተሞላ ብስባሽ ነበር፤ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ሸፍኖት ሄዷል።

ዋሽንግተንና አካባቢው በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ከአዲስ አበባ አይበልጥም። አገር ቤት ግን ክረምቱ ሲወጣ ወራት የሚቆይ ፀሐይ አለ። እዚህ ዝናቡ በአሥራ ሁለቱም ወር ይመላለሳል፣ ሙቀቱም ወበቅ ነው፤ የራሰ እንጨት የሚደርቅበት ጊዜ ያጣል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ደግሞ ፈንገሱ ሊያድግ አይችልም።

ውሃው በዋናነት የሚገባው ከፊት ሳይሆን ከእግሩ ነው። እንጨትን እንደ ታሰረ ሸምበቆ ይቁጠሩት፦ ጎኑ ውሃ ቶሎ አያስገባም፣ የተቆረጠው ጫፍ ግን ይመጥጣል። መቃኑ የቆመው በዚያ ጫፍ ላይ ነው፤ ያውም ከደፉ ጥግ፣ ዝናብ ከሲሚንቶው እየነጠረ በሚመታው ቦታ። ከፋብሪካ ተቀብቶ ቢመጣም እንኳ አናጢው በልክ ሲቆርጠው ጫፉ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ አዲስ በር የሚያስገጥሙ ከሆነ በዚያ ቀን ከቤት አይጥፉ። መቃኑ ከመቆሙ በፊት የተቆረጠው ጫፍ ሁለት ጊዜ ፕራይመር እንዲቀባና ሲሚንቶውን ሳይነካ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቆም ይጠይቁ። ከደፉም ሥር ውሃን ወደ ውጭ የሚመልስ መቀበያ ይግባበት። የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ በሩ ከተገጠመ በኋላ ግን ሊደረግ አይችልም።

የቆየ በር ከሆነ በፀደይና በመከር የታችኛውን አንድ ስንዝር በካቻቢቴ ይጫኑት። ጠንካራ ከሆነ ጥቂት ደረቅ ቀናት ይጠብቁ፤ የላላውን ቀለም ያንሱ፣ መቃኑና ግንቡ የሚገናኙበትን ስንጥቅ በውጭ ማሸጊያ ይሙሉት፣ ከዚያ ፕራይመርና ሁለት እጅ የውጭ ቀለም ይቀቡ። ተራ ሲልከን አይግዙ፤ ቀለም አይይዝም። እርጥብ እንጨትም አያሽጉ፤ ውሃውን ከነፈንገሱ ይቆልፉበታል።

ካቻቢቴው ከጠለቀ በስቱኮ መድፈን አያዋጣም። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተቆርጦ መውጣትና በመድኃኒት በተነከረ ጣውላ ወይም በማይበሰብስ ፕላስቲክ መተካት አለበት። አቆራረጡ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን፤ ውሃው በመጋጠሚያው እንዳይተኛ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ሳያስመረምሩ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት።

ወደ ላይም ቀና ይበሉ። ከጉበኑ በላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ የቆርቆሮ ክፈፍ መኖሩን ይዩ፤ ቅጠል ከረገፈ በኋላ አሸንዳውን ያስጠርጉ፣ ከሞላ የሚፈሰው በሩ ላይ ነውና። የአበባ አፈርና ማሰሮ ከመቃኑ ያርቁ። ዝናብ የጠጣውን የእግር መጥረጊያም ደፉ ላይ አያሳድሩት፤ አጥር ላይ ይስቀሉት።